«አልቋል» ማለት

አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ወር ሥራ ያገኘሁት ዶሮ ጠብሶ በሚሸጥ አንድ ፈጣን ምግብ ቤት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ። እንግሊዝኛዬ ገና ነበር። ማናጀሩ ካሸር ላይ ሲያቆመኝ በመጀመሪያ ያስጠናኝ ሰላምታ አይደለም። «ይቅርታ፣ አልቋል» የሚለውን ነው። ቀጥሎ «በምትኩ ይህን ልስጥዎት?» የሚለውን። ሁለቱን አውቶቡስ ላይ ለራሴ እየደጋገምኩ ሥራ እገባ ነበር።

የቀረውን ያስተማረችኝ ከእኔ በፊት የገባች የኤልሳልቫዶር ሴት ናት። እሷም እንግሊዝኛዋ እንደኔ ነው፤ በእጅ ነው የምንግባባው። ነገሩ ማለቁን ብታውቂም ወዲያው አትናገሪ፤ መጀመሪያ ዞር ብለሽ ወደ ማብሰያው እይ። ከዚያ ተናገሪ። ሳታዪ «አልቋል» ካልሽው ሰውየው የደበቅሽበት ይመስለዋል። ዞር ብለሽ ካየሽ ግን ቢያንስ ፈልገሽለታል። ይኸው ነበር ትምህርቷ። ልክ ነበረች። ባዶውን መደርደሪያ በቀን ስንት ጊዜ ዞሬ እንዳየሁት አልቆጠርኩትም።

አንድ ዓርብ ማታ ግን ዞር ማለቱም አልጠቀመኝም። የዕቃው መኪና ሳይመጣ የቀረበት ቀን ነበር። ድራይቭ ስሩ ላይ፣ ከመኪና ሳይወርዱ በሚታዘዝበት መስኮት፣ የመጣው ሰው የፈለገው ነገር የለም። አየሁ፣ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ሌላ ነገር ልስጥዎት አልኩ። ሰውየው በእጁ የያዛቸውን ሳንቲሞች መስኮቱ ላይ በተነብኝና ሄደ። ጎንበስ ብዬ ለቀምኳቸው። መኪናውን ያስቀረሁት እኔ አይደለሁም። ምን ያህል ዶሮ እንደሚታዘዝ የምወስነውም እኔ አይደለሁም። መስኮቱ ላይ የነበርኩት ግን እኔ ነኝ።

ከዚያ ቤት ከወጣሁ ዓመታት አለፉ። አሁን የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ነው። ይህን ሁሉ መልሶ ያመጣብኝ የ2019 የዶሮ ሳንድዊች ነው። አሜሪካ ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ። የፖፓይስን።

ላልነበራችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ፖፓይስ በ1972 ሉዊዚያና ውስጥ፣ ከኒው ኦርሊንስ አጠገብ ባለችው አራቢ የተጀመረ የተጠበሰ ዶሮ ቤት ነው። ቅመም የበዛበት ዶሮው ነው የታወቀው። ነሐሴ ውስጥ፣ በፈረንጅ ኦገስት 12 ቀን 2019 በመላው አሜሪካ አዲስ ሳንድዊች አወጣ። ዋጋው 3 ዶላር ከ99 ሳንቲም። በሳምንቱ፣ ኦገስት 19፣ የዶሮ ሳንድዊችን መጀመሪያ ያመጣሁት እኔ ነኝ የሚለው ቺክ-ፊል-ኤ ትዊተር ላይ የራሱን አወደሰ። ፖፓይስ በአንዲት አጭር ጥያቄ መለሰለት፤ ወደ እኛ ቋንቋ ስትመጣ «ደህና ናችሁ ግን?» እንደማለት ነው። አገር ተነቃነቀ። ሰው የሁለቱን ሳንድዊች ጎን ለጎን እያስቀመጠ መፍረድ ጀመረ። መኪናው ከድራይቭ ስሩ አልፎ አስፋልቱ ላይ ተሰለፈ።

እኛ ቤት ደግሞ ፍልሰታ ነበር። በ2011 ነሐሴ 1 የገባው ጾም በፈረንጁ ኦገስት 7 ነው፤ የሚፈታው ኦገስት 22። ሳንድዊቹ የወጣው ልክ እኩሌታው ላይ ሳንደርስ ነው። ልጄ ያኔ 13 ዓመቷ ነው። 16ቱንም ቀን ልጹም ብላ የተነሳችው በዚያ ዓመት ነበር። ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው፤ እኔም በልጅነቴ የጀመርኩት በእሱ ነው፣ እናቴም እንደዚሁ። ልጄ ግን በስልኳ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ያ ሳንድዊች ይዞርባታል። ጓደኞቿ እየበሉ ቪዲዮ ይልኩላታል። አንድ ማታ ምን ምን እንዳለበት አነበበችልኝ። የዶሮ ፈረሰኛ ሳይሆን መላላጫ፣ አሬራ ባለበት ሊጥ የተለወሰ። ዳቦው ብሪዮሽ ነው፤ እንቁላልና ቅቤ የሚገባበት። ላዩ ማዮኔዝ፤ እሱም እንቁላል ነው። ለጿሚ የሚሆነው በኮምጣጤ የተዘፈዘፈው ኪያር ብቻ። ሳቀች። ከዚያ ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው። እኔ በልጅነቴ የፈተነኝ የጎረቤት ወጥ ሽታ ነበር፤ በር ዘግተሽ ትገላገይዋለሽ። የእሷ ፈተና ኪሷ ውስጥ ነው ያለው። እና ጾመች። ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።

ጾሙ የተፈታው ሐሙስ ነው። ቆረበች፣ ቤት ገባን፣ ዶሮ ወጥ በላን። ዓርብ እንደገና ጾም ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሄድን። ሰልፉ ሕንፃውን ዞሮ፣ ፓርኪንጉን ሞልቶ፣ መንገዱ ላይ ወጥቶ ነበር። እኔ 9 ሰዓት ላይ ሥራ እገባለሁ። ቆጠርኩት፤ አያደርሰንም። «ማክሰኞ እረፍት ነኝ፣ ማክሰኞ እናመጣሻለን» አልኳት። እሺ አለች። 16 ቀን የጠበቀች ልጅ ሦስት ቀን ምን ይላታል?

ማክሰኞ ኦገስት 27 ነበር። ኩባንያው ሳንድዊቹ በመላ አገሪቱ ማለቁን ያስታወቀው በዚያ ቀን ነው። እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ይበቃል ብለው ያዘጋጁት በ15 ቀን አለቀ።

ልጄ አላለቀሰችም። ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ማሚ፣ ዶሮ እንዴት ያልቃል?»

መልስ አልነበረኝም። መስኮት ላይ ቆሜ «አልቋል» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዴት እንደሚያልቅ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ስለዚህ ያን ሰሞን ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩትን ለእሷ ነገርኳት፤ ለእናንተም ልንገራችሁ፣ እኔን ስለገረመኝ።

እንቁላል መፈልፈያ ውስጥ ገብቶ ጫጩት እስኪሆን 21 ቀን ይፈጃል። ይህ አይለወጥም፤ የእናቴም ዶሮ 21 ቀን ነው የምትታቀፈው። አሜሪካ ውስጥ ጫጩቱ ለሥጋ እስኪደርስ ደግሞ በአማካይ 47 ቀን ገደማ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ 70 ቀን ይፈጅ ነበር፤ ያውም 3 ፓውንድ ለምትመዝን ዶሮ። አሁን በ47 ቀን ከ6 ፓውንድ በላይ ትሆናለች። ዘሩን እየመረጡ፣ መኖውን እያስተካከሉ እዚህ አደረሱት። ይህን ያህል ያፋጠኑት ነገር እንኳ ታዲያ ቀን አለው። ዛሬ ማታ ሰው ስለተሰለፈ ነገ ጠዋት የሚደርስ ዶሮ የለም። እንቁላሉን የምትጥለው እናት ዶሮም ራሷ መጣል እስክትጀምር ስድስት ወር ገደማ ማደግ አለባት።

ሌላም ነገር አለ። ለሳንድዊች የሚፈለገው ትንሽ ዶሮ ነው። የትልቅ ዶሮ መላላጫ ወፍራም ስለሆነ ሳይቆረጥ ቢጠበስ ውስጡ ሳይበስል ውጪው ያራል። ይህን እኔ በእጄ አውቀዋለሁ። የዶሮ ኩባንያዎቹ ግን ባለፉት ዓመታት ወደ ትልልቁ ዞረዋል፤ አንድ ትልቅ ዶሮ አርዶ መገነጣጠል ከሁለት ትንንሽ ይልቅ ይረክሳል። ስለዚህ አገሩ ዶሮ ሞልቶት ሳንድዊች የሚሆነው ዶሮ ሊያጥር ይችላል። ልጄ ይህን ስትሰማ «ትልቁን ለምን ለሁለት አይከፍሉትም?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ይከፈላል፤ ግን ማሽንና ሰው ይፈልጋል፣ ቅርጹም እንደ ማስታወቂያው አይሆንም።

በዚያ ላይ ቤቱ ውስጥም ጊዜ አለ። ፖፓይስ ዶሮውን 12 ሰዓት ቅመም ውስጥ እንደሚያሳድር ይናገራል። የዛሬው የተነከረው ትናንት ነው ማለት ነው። እኔ የሠራሁበትም ቤት የራሱ ማሳደሪያ ነበረው። ማታ ማናጀሩ ለነገ ስንት እንደሚነከር ገምቶ ይጽፋል። ግምቱ ከተሳሳተ የሚታወቀው በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ነው፤ የሚታወቀውም መስኮቱ ላይ ነው።

ሳንድዊቹ የተመለሰው ኖቬምበር 3 ነው። ከኦገስት 27 ጀምሮ ብትቆጥሩት 68 ቀን ይመጣል። 21 እና 47 ስንት ነው? ኩባንያው እንዲህ ቆጥሮ ነው አልልም፤ ለሳንድዊች የሚሆነው ትንሹ ዶሮ ቀደም ብሎ ነው የሚታረደው። ቁጥሩን ማቀዝቀዣው ላይ በለጠፍናት ወረቀት ደምራ ያገኘችው ልጄ ናት። ግን ዶሮ ለማለቁ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁላትም። የአንድ ዶሮ ዕድሜ ያህል ጠበቅን።

በመሃል እንቁጣጣሽ መጣ። የ2012 መስከረም 1 ነው። እናቴ ጋ አዲስ አበባ ስንደውል ልጄ ታሪኩን ነገረቻት፤ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ እኔ እያቃናሁላት። እናቴ መጀመሪያ አልገባትም። «ዶሮ አለቀ? አሜሪካ?» አለች። ከሾላ ገበያ መመለሷ ነበር። «እኛ ዘንድ እኮ ልጄ ዶሮ አያልቅም። ይወደዳል እንጂ።»

ይህ ቃሏ ከእኔ አልወጣ አለ። እውነት ነው። በዓል ሲደርስ ሾላ ሄደሽ ዶሮ አጣሁ ብለሽ አትመለሺም። ቆሟል፣ ይጮሃል፣ እግሩ ታስሯል። ዋጋው ነው የሚመልስሽ። ሻጩ ዶሮ ማነሱን የሚነግርሽ «የለም» ብሎ ሳይሆን ዋጋ ጨምሮ ነው። ትከራከሪያለሽ፣ ትሄጃለሽ፣ ይጠራሻል፣ ትመለሻለሽ። ወይ ደግሞ ሁለት ጎረቤት አንድ ቅርጫ እንደሚገባው ሌላ መላ ትፈልጊያለሽ። አቅም የሌለው ሰው ባዶ እጁን ቤቱ ይገባል፤ ይህ ከባድ ነው፣ አላሳምረውም። እጥረቱ ግን ዋጋው ላይ ተጽፎ ይታያል።

እዚህ ዋጋው ሜኑ ላይ ተለጥፏል። 3 ዶላር ከ99 ነው ከተባለ፣ ሺህ ሰውም ቢሰለፍ 3 ዶላር ከ99 ነው። ይህን ጥሩ ነገር አድርጌ ነው የማየው፤ የእኔ ልጅና የሐኪም ልጅ አንድ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ። ግን ዋጋ ያልተሸከመውን እጥረት አንድ ነገር መሸከም አለበት። ሰልፉ ይሸከማል። ሰልፉ ሲያበቃ ደግሞ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትሸከማለች። ሾላ ላይ ሻጩ ባለ ዶሮው ነው፤ ብትቆጪው የሚገባው ነው፣ መልሶም ይቆጣሻል። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ አንድ ዶሮ የላትም። መልሳ መቆጣትም አይፈቀድላትም።

በዚያ ሰሞን የሆነውን ታስታውሱ እንደሆነ አላውቅም። የፖፓይስ ሠራተኞች እረፍት ሳይወጡ እንደሚውሉ ለጋዜጠኞች ተናገሩ። አንዳንዶቹ መሥራት አቃተን ብለው ወጡ። ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ሂዩስተን ውስጥ ሳንድዊቹ አልቋል የተባሉ ሰዎች፣ አንዱ ሽጉጥ ይዞ፣ በኃይል ሊገቡ ሞከሩ። አንድ ሠራተኛ በሩን ቀድሞ ቆለፈው። ማንም አልተጎዳም። ያን ዜና አረጋውያን መንከባከቢያው ውስጥ በምሳ ሰዓት አነበብኩት። እጄ ላይ የድሮው ሳንቲም የወደቀበት ሳይቀር ተሰማኝ።

ለነገሩ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። በፌብሩዋሪ 2018 እንግሊዝ ውስጥ ኬኤፍሲ የሚባለው የተጠበሰ ዶሮ ቤት ዶሮ አልቆበት ከ900 ገደማ ቅርንጫፎቹ ከግማሽ በላይ ተዘግተዋል። እዚያ ግን ዶሮው ነበረ። ያጣው መንገድ ነው። ኩባንያው ማመላለሻውን ከአንድ ድርጅት ወደ ሌላ አዛወረ፤ ከብዙ መጋዘን የሚወጣው ዶሮ ራግቢ በምትባል ከተማ ካለ አንድ መጋዘን እንዲወጣ ሆነ። አጠገቡ መንገድ ላይ የመኪና አደጋ ደረሰ፣ ሁሉም ተቆለፈ። ምሥራቅ ለንደን ያለ ፖሊስ ስለ ኬኤፍሲ አትደውሉልን እስከ ማለት ደረሰ። ኩባንያው በጋዜጣ ሙሉ ገጽ ይቅርታ ጠየቀ፤ ማስታወቂያው ብልህ ነው ተብሎ ተሞገሰ። ለንደን ያለችው የአክስቴ ልጅ ይህ ሁሉ ሲሆን አልሰማሁም ነበር ትላለች። ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር።

ወደ እኛው ልመለስ። ኖቬምበር 3 እሑድ ነው። እሑድ መደረጉም በምክንያት ነው፤ ቺክ-ፊል-ኤ እሑድ አይከፍትም። ልጄ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እንሂድ አለች። እኔ ሰልፉን አስቤ በሳምንቱ ይሻላል አልኳት። በማግስቱ ሰኞ ማታ ኦክሰን ሂል፣ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ፖፓይስ ውስጥ በሰልፍ ተራ የተጣሉ ሁለት ሰዎች ውጪ ወጡ፤ አንደኛው በስለት ተወግቶ ሞተ። 28 ዓመቱ ነበር። እኛ ከምንኖርበት በመኪና ሩቅ አይደለም። ሌሊት ስገባ ልጄ ነቅታ ጠበቀችኝ። ሰምታለች። «አልፈልገውም» አለች። እኔም ምንም አላልኳት። ኩሽና ገብቼ ሻይ አፈላሁ፣ አብረን ጠጣን።

ስለዚያ ሰው የሚቀለደውን ቀልድ ያን ሳምንት ብዙ ሰማሁ። «ለሳንድዊች» ይላሉ። ለሳንድዊች አይመስለኝም። ሰው ቀኑን ሙሉ ሲገፋ ውሎ፣ ሲደክመው፣ የመጨረሻዋን ትንሽ ነገር እንኳ ከፊቱ ሲወስዱበት ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። መስኮት ላይ ሆኜ አይቻለሁ። ሳንቲም የበተነብኝ ሰውዬም ፊቱ ላይ ከቁጣው በታች ድካም ነበረበት። አልፈረድኩለትም፤ አልረሳሁትምም።

በኖቬምበር መጨረሻ የነቢያት ጾም ቅበላ ነበር። በማግስቱ ጾም ይገባል። ያን ቀን እንሂድ ያልኳት እኔ ነኝ። ቀርቶ ይቅር ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን ነሐሴ ላይ ማክሰኞ ብዬ ቃል ሰጥቻታለሁ። ልጅ ደግሞ ቃልን አትረሳም፤ ዝም ስትልም አትረሳም።

ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሰልፉ ቀንሷል። ከፊታችን ስድስት ወይ ሰባት ሰው ይሆናል። ከማብሰያው የዘይቱ ድምፅ ይሰማል። ያ ድምፅ ዛሬም ትከሻዬን ያጠብቀዋል። ካሸሯ ልጅ እግር ናት፣ ሃያ ዓመት አይሞላትም። ከፊታችን ያለው ሰው አራት ሳንድዊች አዞ፣ ተቀብሎ ሄደ። ልጄ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ፣ ሰው እንዳይሰማት፣ «ካለቀስ?» አለችኝ።

ተራችን ደረሰ። ልጄ ራሷ ትዘዝ ብዬ ከኋላዋ ቆምኩ። ሁለት ሳንድዊች፣ አንዱ የሚያቃጥለው ዓይነት፣ አንዱ የማያቃጥለው። ልጅቷ ወዲያው አልመለሰችላትም። ዞር ብላ ወደ ማብሰያው አየች።

ያቺን አዟዟር አውቃታለሁ። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።

ተመለሰች። «አለ» አለቻት።